አሥራ ሰባተኛው ብሎን

ወንድሜ በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብሎን መያዝ ሲጀምር ሩብ ዙር ጨምሮ መተው። ሌላው ሰው በፖለቲካና በኳስ ሲጨቃጨቅ፣ እሱ የብስክሌት ፍሬን ላሠራ ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ይሰብካል። ደንበኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ አመስግኖ ይሄዳል፣ ቤቱ ሲደርስ "ለማንኛውም" ብሎ ትንሽ ይጨምርለታል፣ በሦስተኛው ቀን ጥርሱ የተበላ ብሎን ይዞ ከች ይላል። "ኧረ እኔ አልነካሁትም!" ይላል። አዎ፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። እኛ ሰፈር ብሎን ራሱን በራሱ ያጠብቃል መሰለኝ። ወንድሜ ታዲያ ይህን ሁሉ ውሸታም አንድ ቀን "ዋሸህ" ብሎት አያውቅም፤ "ይሆናል" ብሎ ይቀበላል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ሰው ከረሳው ቆይቷል። ሩብ ዙር ነው የሚሉት። እኔም ስናደድበት እንደዚያው ነው የምለው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ነው የምለው።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። አንዲት ክፍል ተከራይተን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለናታል፤ ከመንገዱ ወገን ያለው የሱ መጠገኛ ነው፣ ከጓሮው ወገን ያለው የኔ ስፌት ቤት። የሱ ዘይት መጋረጃውን አልፎ ነጭ ጨርቄ ላይ ያርፋል፣ የኔ ክር ደግሞ ሄዶ ሰንሰለቱ ውስጥ ይጠመጠማል። በዚህ የተነሳ በቀን ሦስት ጊዜ እንጣላለን። እንጣላለን ስል፣ የምጣላው እኔ ነኝ፤ እሱ "እሺ" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መጣላት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ጥርሱ የተበላ ብሎን ላላጋጠማችሁ ልንገራችሁ። የፍሬን ገመድ ጫፉ በአንዲት ትንሽ ብሎን ታንቆ ነው የሚያዘው። ብሎኗ ብረት ናት፤ የምትገባበት የፍሬኑ ክንድ ግን ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ከመጠን በላይ ካጠበቃችኋት ቀዳዳው ውስጥ ያለው ጥርስ ተልጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብሎኗ ዝም ብላ ትሽከረከራለች፤ ገመዱን የያዘች ትመስላለች እንጂ አልያዘችም። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ስትጨብጡ ያን ጊዜ እውነቱ ይገለጥላችኋል።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ መስታወት በሩ ጠጋኝ ለዚህ ችግር ድንቅ መላ አለው። ብሎኗን በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልልና መልሶ ይከታታል። አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ለአንድ ሳምንት ደህና አድርጋ ትይዛለች፤ አንድ ሳምንት ደግሞ ደንበኛው የት እንዳሠራ ለመርሳት ይበቃዋል። የኔ ጉድ ግን ክንዱን ፈትቶ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ያስራል፣ ቀዳዳውን በትንሹ ያሰፋል፣ ከዚያ በእጁ አዲስ ጥርስ ያወጣለታል። ጥርስ ማውጫውን ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ የተላጠውን ብናኝ መጥረግ፣ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ እንደገና ግማሽ ወደፊት። ወደኋላ ካልመለሰው ብናኙ ይታፈንና ማውጫው እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ቅንጥስ ይላል፤ ያኔ ክንዱም ማውጫውም ወደ ቆሻሻ ነው። ለአንዲት ብሎን ግማሽ ሰዓት! ደንበኛው ደጅ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ መጋረጃውን ገልጬ ደንበኛውን አያለሁ፣ ወንድሜ ማንንም አያይም። ሲጨርስም በአንድ ቁጥር ከፍ ያለች አዲስ ብሎን፣ ከፊተኛዋ የበለጠ ይዛ ትገባለች።

በሁለታችን መካከል፣ ከመጋረጃው ጥግ፣ በርጩማ ላይ የሚቀመጡት አባታችን ናቸው። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ የትልልቅ ቧንቧዎችን ብሎን ሲያጠብቁ ኖረዋል፤ ክንድ በሚያህል ቁልፍ፣ በመላ ሰውነታቸው ተንጠልጥለው። እዚያ "በዛ" የሚባል ነገር የለም። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን አስረከቡ፣ ጉልበቱን ግን የተረከባቸው የለም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ባዶ ቤት መዋል ስላቃታቸው በየጠዋቱ ከኛ ጋር ይወጣሉ፣ ማታም ከኛ ጋር ይገባሉ። ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ሥራ ልጃቸውን ማረም ነው። "ይሄን ጠበቀ ትላለህ? ይሄን እኮ ጨቅላ ሕፃን ይፈታዋል!" ይሉታል። ወንድሜ "እሺ አባባ" ይላል። አባባ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስተው አያውቁም። ይህን የነገሩን ራሳቸው ስለሆኑ ወሬው የታመነ ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ፖስታ ቤቱ የአሥራ ሁለት ፖስተኞቹን ብስክሌት በቋሚነት የሚጠግንለት ሰው ፈለገ። ቋሚ ሥራ! ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ መንገደኛ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዝናብ የጣለ ሳምንት ብስክሌት የሚያወጣ ስለሌለ ሦስታችንም የምንኖረው በኔ መርፌ ነው፤ እሱም ያን ሳምንት እህል አይወርድለትም፣ ጎንበስ ብሎ ያልቆሸሸ ወለል ሲጠርግ ይውላል። ፖስታ ቤቱ አሥራ ሁለቱንም ብስክሌቶች ለሙከራ ሰጠው። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ የስምሪት ኃላፊው መጥቶ ይፈትሻል፤ ፍሬኖቹ ከያዙ ሥራው የወንድሜ ነው፣ ካልያዙ መንገዱን ተሻግሮ ለባለ መስታወት በሩ ይሰጣል። ኃላፊውን ሻለቃ ይሉታል። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ግን ፖስተኛ ደብዳቤ ይዞ ሲወጣ ጦር ያዘመተ ነው የሚመስለው።

ሮብ በምሳ ሰዓት ብስክሌቶቹ ከአንዲት የፍሬን ጎማ በቀር ተሠርተው አልቀው ነበር። ታጥበው ግድግዳውን ተደግፈው ሳያቸው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ለሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ ምን ቆርጦኝ! ወንድሜ ያቺን የጎደለች ጎማ ሊገዛ ሲወጣ መጋረጃውን ገለጥ አደረገና፣

"አደራ፣ አባባን እይልኝ" አለኝ። "ስለ ነገ ብዙ አወራሁባቸው መሰለኝ፤ ሊያግዙኝ አምሯቸዋል።"

"ሂድ ወዲያ! እኔ ሞግዚት ነኝ?" አልኩት።

ከዚያ የስፌት መኪናዬን ለቀቅኩት። ሃያ የተማሪ ቀሚስ ይጠብቀኛል። ያቺ መኪና መንጫጫት ከጀመረች ደግሞ ከመጋረጃው ማዶ ጣራው ቢወርድ አይሰማኝም።

ቀና ስል ነገሩ አልቆ ነበር። አባባ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ፣ የወንድሜ ቁልፍ ጭናቸው ላይ ነው።

"ምነው አባባ፣ አላበዎት?"

"ትንሽ አጠበቅኩለት" አሉ ወደኔ ሳያዩ። "ላልቶ ነበር።"

ክው አልኩ። ሄጄ የመጀመሪያውን ብስክሌት ፍሬን ጨበጥኩ፤ ገመዱ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውን ጨበጥኩ፤ ሹልክ። ሦስተኛውን ለመጨበጥ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ወንድሜ ሲመለስ ፊቴን አይቶ በቀጥታ ወደ ብስክሌቶቹ ሄደ። አንድ በአንድ ሞከራቸው። በአንድ ብስክሌት ሁለት ብሎን፣ በጠቅላላው ሃያ አራት። አሥራ ሰባቱ ጥርሳቸው ተበልቷል፤ የመጨረሻዎቹ ሰባት ግን ጭራሽ አልተነኩም።

"እነዚህ እንዴት ተረፉ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ደክሟቸው ይሆናል" አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስበት ይጮሃል፣ ያገኘውን ይወረውራል፣ ቢያንስ ወጥቶ ግድግዳ ይመታል። የኔ ወንድም አባቱ ፊት ቁጢጥ አለ፣ ቁልፉን ከጭናቸው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳና፣ "አመሰግናለሁ አባባ" አለ። አመሰግናለሁ! ደሜ ፈላ። ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ከመጋረጃው ጀርባ አስገባሁት።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ለምን አትነግራቸውም?"

"ምን ብዬ?"

"እንጀራዬን ገደል ከተቱት ብለህ!"

"እሺ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የት ይዋሉ?" አለ።

መልስ ሲያጥረኝ ሁልጊዜ እንደማደርገው "ሞኝ!" አልኩት። ደግሞ አደራ የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህን ግን አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝ በወደድኩ፤ በዚያ ሰበብ እጣላው ነበር፣ ትንሽም ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ እኔ ብልሂቱ፣ "በዚያ ብልጭልጭ ወረቀት እንጠቅልላቸው" አልኩ። "ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ መያዙ አይቀርም። ሻለቃ ይፈርም፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ታስተካክለዋለህ።"

"ነገ ከሰዓት በሰፈሩ ቁልቁለት የሚወርዱት ፖስተኞቹ ናቸው፣ ሻለቃ አይደለም" አለ። ከዚያ ሞርሳውን ከፈት አድርጎ የመጀመሪያውን ክንድ አሰረበት።

ጊዜ ጠባብ ነበር። የተከራየንበት ሕንፃ ዘበኛ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግቢውን በር ይከረችማል፤ ለማንም አይከፍትም፣ ለራሱ ሚስት እንኳ። በዚያ ቁጥር ያለው ጥርስ ማውጫ አንድ ብቻ ነው። ከተሰበረ አበቃ። ወንድሜ ያዞራል፣ እኔ ዘይት ጠብ አደርጋለሁ፣ ብናኙን በብሩሽ እጠርጋለሁ። ሃያ ቀሚሶቼ ጠረጴዛው ላይ እጅጌ አልባ ተጋድመዋል። እስኪመሽ ስምንት ጨረስን። ሐሙስ ዘበኛው በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ ቆመን ጠበቅነው፤ ዘጠኝ ይቀራሉ። የወንድሜ መዳፍ ውሃ ቋጥሮ ፈርጦ ነበር፤ በኔ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀጠለ።

አባባ ሁለቱንም ቀን በርጩማቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ሮብ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ምንድን ነው የምትሠሩት?" ብለው ነበር።

"ማሻሻያ ነው አባባ" አላቸው ወንድሜ። "ከፍ ያለ ብሎን ላስገባ ብዬ ነው፣ ያን ጊዜ የበለጠ ይይዛል።"

"ጥሩ" አሉ። አላረሙትም፣ ጨቅላ ሕፃንም አልጠሩም። እኔ ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ፤ ግን ዓይኔ ዘይቱ ላይ ነበር።

ሻለቃ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጣ፤ ብዕሩ ጆሮው ላይ፣ አቃፊው ብብቱ ስር። የመጨረሻዋ ብሎን ገና ትሞቅ ነበር። ለማንም ሰላም ሳይል ከመጀመሪያው ብስክሌት ጀመረ። ፍሬን ይጨብጣል፣ ብስክሌቱን ወደፊት ይገፋል፣ ብስክሌቱ ንቅንቅ አይልም፣ እሱ ቅር ይለዋል። አሥራ ሁለቱንም እንዲህ አደረገ። ሁሉም ያዙ። የወንድሜ ትከሻ ረገብ ሲል አየሁት።

ከዚያ ሻለቃ ወደ ዘጠነኛው ብስክሌት ተመለሰና ጎንበስ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው? የፊቱ ብሎን ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ። ከዚህ በፊት ያሉት ሁሉ ትልቅ፣ ከዚህ ወዲያ ያሉት ሁሉ ትንሽ። በፖስታ ቤቱ ንብረት ላይ ምን እየሞከራችሁ ነው?"

ወንድሜ አፉን ከፈተና እንደተከፈተ ቀረ። ሮብ ለአባቱ የዋሸው ውሸት የዓመቱን ድርሻ ጨርሶበት ነበር። እኔ ጥልቅ አልኩ፣

"ማሻሻያ ነው!"

"ሰባቱስ ማሻሻያ አያምራቸውም?" አለኝ ሻለቃ።

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ።

ከበርጩማቸው ተነስተው ቆመዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ትናንት እሱ ሳይኖር አጠበቅኳቸው። የመጀመሪያው እጄ ላይ ልስልስ ሲልብኝ፣ ብሎኑ መጥፎ ነው አልኩ። ሁለተኛውንም መጥፎ ነው አልኩ። አሥረኛውንም እንዲሁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ መጥፎው እኔ መሆኔ ገባኝና ቁልፉን አስቀመጥኩ።" በኮፍያቸው ወደ ወንድሜ አመለከቱ። "ልጄ ሁሉንም አስተካክሎታል። እኔ እንዳላፍር ብሎ ደግሞ ዋሸኝ። ዝም አልኩት፤ ማፈሩስ አልቀረልኝም።"

እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ያቺን ቀን ሙሉ፣ ያቺን ጠዋት ሙሉ፣ እያወቁ ነበር የተቀመጡት። ሰው እንኳ የማይመስሉኝ ጊዜ ነበር፤ ቧንቧ የወለዳቸው ነበር የሚመስለኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ሻለቃ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚላላ ሰው አይደለም። ብዕሩን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ ውሉን አወጣ፣ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጨመረበት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን፤ "በመጠገኛ ክፍሉ ውስጥ ከጠጋኙ በስተቀር ማንም ሰው እንዳይገኝ።"

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ ከመጋረጃው ወዲያ ነሽ" አለ። የሕግ ሰው ነው።

ብዕሩን ለወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ ያዘው፤ ወረቀቱን አየ፣ አባቱን አየ። እኔ "እሺ" እስኪል ጠበቅኩ፤ ከሱ አፍ ሌላ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅማ።

"አልፈርምም" አለ።

አባባ ጮሁ። ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ የሞተሩን ድምፅ አሸንፈው እንደሚጮሁት ነበር የጮሁት።

"ፈርም! ደጅ ቆመህ ዝናብ ስትቆጥር ልታረጅ ነው? በኔ ምክንያት? ፈርም ብዬሃለሁ!" መጥተው ትከሻውን ያዙት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "በሞቴ ፈርም፣ ልጄ።"

ፈረመ። አባባ ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ በርጩማዋን ወደኔ ወገን ገፋ አደረጓት፣ "እዚያም ብቀመጥ እጄ አያርፍም" ብለው ወጡ። በቀትር ብቻቸውን ወደ ቤት ሲሄዱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። በመንገዱ ዳር ዳር፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየነኩ ሄዱ። እኔ ገብቼ የስፌት መኪናዬን ባዶዋን አንጫጫኋት፣ ማልቀሴ እንዳይሰማ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ምን ይወራላቸዋል። ጠዋት ስንወጣ አባባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ማታ ስንገባም እዚያው ተቀምጠዋል። የተውኩላቸው ምሳ እንደተከደነ ነው። "አልራበኝም" ይላሉ። ወንድሜን አላናግርህም አልኩት፤ "እሺ" አለኝ። ፖስተኞቹ ብስክሌቶቻቸውን በየተራ ያመጣሉ፣ እሱ ይጠግናል፣ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ሆኗል፣ እልል በሉ። ፊቱ ግን ያን ያልቆሸሸ ወለል የሚጠርግበት ጊዜ ፊት ነው።

በሳምንቱ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜ ሳይነግረኝ ዘጋግቶ ወጣ። ጠርጥሬ ተከተልኩት። ቤት ስደርስ የምንበላበት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አዲስ የገዛትን ትንሽ ሞርሳ እያሰረ ነው። ከኪሱ ሦስት የፍሬን ክንዶች አወጣና ዘረገፋቸው። ሦስቱም ጥርሳቸው የተበላ ነው፤ ፖስተኞቹ በእርግጥ አልነኳቸውም።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ፤ አላናግርህም ማለቴን ረስቼው።

"ወረቀቱ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዳይገኝ ነው የሚለው" አለ። "ክንድ ከክፍሉ አይውጣ አይልም። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።"

ይኸው እንግዲህ! ዕድሜዬን ሙሉ ሞኝ ስለው የኖርኩት ሰው።

አባባ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዩታል። "እኔ አልነካም" አሉ። "እጄ አይረባም።"

ወንድሜ አልተከራከራቸውም። እጃቸውን ይዞ አስነሳቸው፣ ወንበር ሳበላቸው፣ ጥርስ ማውጫውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠው። አንድ ጊዜ አሳያቸው፤ ግማሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። ከዚያ ለቀቀላቸው። እኔ የዘይቱን ቆርቆሮ አነሳሁ።

አባባ ጀመሩ። የመጀመሪያው ግማሽ ዙር ሄደ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው ሄደ፣ ተመለሰ። ሦስተኛው መሐል ላይ ማውጫው ከበደ፤ የእጃቸው ጅማት ሲገተር አየሁት። እኔ አባቴን አውቃቸዋለሁ። አሁን ይገፉታል፣ አሁን ቅንጥስ ይላል አልኩ በልቤ።

አልገፉም። እጃቸው እዚያው ማውጫው ላይ እንዳለ ቀና ብለው ወንድሜን አዩት።

"ከበደኝ" አሉ። "ልግፋው ልጄ፣ ወይስ ልመልሰው?"

እኔ አርባ ዓመት አልፎኛል። አባባ ሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

"ይመልሱት አባባ" አለ ወንድሜ።

መለሱት።